ጥሩ የጣሊያን ምግብ ቤት ገብቶ ፓስታን እንደ ዋና ምግብ ማዘዝ

አዲስ አበባ ፓስታን ከለመደች ቆይታለች። በየሰፈሩ ምግብ ቤት ፓስታ በስጎ፣ ፓስታ በሥጋ ወይም ፓስታ በአትክልት ይታዘዛል፤ በእንጀራ የሚበላውም ሰው ብዙ ነው፤ ሳህኑ ከቀረበ በኋላ የሚጠበቅ ሌላ ነገር የለም፣ ምሳው እሱ ነው። በከተማዋ ባሉት ከፍ ያሉ የጣሊያን ምግብ ቤቶች ግን ይኸው ፓስታ በሌላ ሥርዓት ውስጥ ነው የሚቀርበው። ሥርዓቱን ሳያውቅ ያዘዘ ሰው መጠኑ አነስ ያለ ሳህን ቀድሞ ይደርሰውና እሱ በልቶ ሲጨርስ ባልንጀሮቹ ገና ሥጋቸውን መቁረጥ ሲጀምሩ ቁጭ ብሎ ያያል። ይህ እንዳይሆን ከማዘዝ በፊት ጥቂት ነገር ማወቅና አስተናጋጁን ጥቂት ነገር መጠየቅ ይበቃል።

ፓስታ በሜኑው ላይ ያለው ቦታ

የጣሊያን ሜኑ የተዘጋጀው ምግቡ በተራ እንዲበላ ነው። መጀመሪያ አንቲፓስቲ የሚባሉት መክፈቻዎች ይመጣሉ፤ ቀጥለው ፕሪሚ በሚለው ርዕስ ሥር ፓስታ፣ ሪዞቶ የሚባለው የሩዝ ምግብ፣ ከድንች የሚሠራው ኞኪና ሾርባ ይዘረዘራሉ፤ ከዚያ ሴኮንዲ የሚባሉት የሥጋና የዓሣ ምግቦች፣ ከእነሱ ጎን ለብቻው የሚታዘዝ ኮንቶርኒ የሚባል አትክልት ወይም ድንች፣ በመጨረሻም ዶልቺ፣ ማለትም ጣፋጩ ይከተላል። ፓስታ እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ከሥጋው ቀድሞ የሚቀርብ የመጀመሪያ ሳህን ነው። በጣሊያን ለአንድ ሰው የሚቀቀለው ደረቅ ፓስታ በጥሬው ከ80 እስከ 100 ግራም ገደማ የሚሆነውም ከኋላው ሌላ ሳህን እንደሚመጣ ታስቦ ነው።

ከሁሉም ክፍል ማዘዝ ግን ግዴታ አይደለም። ጣሊያኖች ራሳቸው በሥራ ቀን ምሳ ሰዓት አንድ ሳህን ፓስታ በልተው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። አስተናጋጁ ትእዛዙን ጽፎ ሲያበቃ «ዋና ምግብስ ምን ይሁንልዎ?» ብሎ ቢጠይቅ ተሳስተዋል ማለቱ አይደለም፤ ሜኑው በሚሄድበት ቅደም ተከተል መጠየቁ ነው። «ፓስታው ነው ዋናው ምግቤ» ብሎ መመለስ በቂ ነው፤ ማፈርም ሆነ ሰው እንዳይታዘበኝ ብሎ ያልተፈለገ ሥጋ ማዘዝ አያስፈልግም። እንዲያውም ፓስታውን በእጁ የሚሠራ ቤት ከተገኘ ከስቴኩ ይልቅ ፓስታውን ማዘዝ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። ጥሩ የተጠበሰ ሥጋ በአዲስ አበባ በብዙ ቦታ ይገኛል፤ በዚያው ቀን ተቦክቶና ተዳምጦ የተቆረጠ ታሊያቴሌ የሚያቀርብ ቤት ግን ጥቂት ነው።

አስተናጋጁን ምን ማለት ይገባል

ለአስተናጋጁ መነገር ያለባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ትእዛዙ ወደ ወጥ ቤት ከመግባቱ በፊት መነገር አለባቸው። አንደኛው ፓስታው ዋና ምግብ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፤ አብረው የተቀመጡት ሰዎች ሥጋ ወይም ዓሣ ካዘዙ ፓስታው ከእነሱ ዋና ምግብ ጋር እኩል እንዲወጣ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ካልተጠየቀ ወጥ ቤቱ በራሱ ልማድ ከመክፈቻው ቀጥሎ ሊልከው ይችላል። ሦስተኛው መጠኑ ነው። በአዲስ አበባ ያሉ ቤቶች በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የጣሊያኑን ልክ የሚጠብቁ አሉ፣ የእኛን አገር ተመጋቢ አስበው ሞልተው የሚያቀርቡም አሉ። ስለዚህ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«እህት፣ እኔ ፓስታውን እንደ ዋና ምግብ ነው የምወስደው። የአንዱ ሳህን መጠን ብቻውን ያጠግባል? ካነሰ ከፍ አድርጋችሁ ልታመጡልኝ ትችላላችሁ? ደግሞ ከእነሱ ሥጋ ጋር አብሮ ይምጣልኝ።»

ይህን የሰማች አስተናጋጅ መጠኑ እንዴት እንደሆነ ትነግርዎታለች፤ መጠኑ ሲጨምር ዋጋው ይጨምር እንደሆነም በዚያው መጠየቅ ይገባል። በተቃራኒው መክፈቻ በብዛት አዝዘው ከሆነ ግማሽ ሳህን ይሠሩ እንደሆነ ይጠይቁ። አስተናጋጅ ለመጥራት በማጨብጨብ የለመደ ሰው በእንዲህ ዓይነት ቤት እጁን ከፍ አድርጎ ዓይን ለዓይን መገጣጠም ይበቃዋል።

በሜኑው ላይ ያልተጻፈ የዕለቱ ልዩ ምግብ በቃል ሲነገርዎ፣ በተለይም የባሕር ምግብ ያለበት ከሆነ፣ ዋጋውን መጠየቅ ነውር አይደለም። ጋባዡ ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ በብዙ የአዲስ አበባ ማዕድ እንደሚታየው ጋባዡ አስቀድሞ ምን እንደሚያዝዝ አይቶ በዚያ ዙሪያ መምረጥ ጨዋነት ነው፤ ፓስታ ከሥጋው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቀንስ በዚህም በኩል የሚያሳፍር ምርጫ አይሆንም።

የትኛውን ፓስታ

በቤት ውስጥ በየሳምንቱ የምንሠራውን ነገር ከፍ ባለ ዋጋ ማዘዝ አይመከርም። ስጎና የተፈጨ ሥጋ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ እንዲህ ዓይነት ቤት ሲኬድ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «እዚሁ የምትሠሩት ፓስታ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። መልሱ ታሊያቴሌ፣ ፓፓርዴሌ፣ በውስጡ የሚሞላው ራቪዮሊ ወይም ኞኪ ከሆነ ምርጫዎን ከእነዚህ መካከል ያድርጉ። ሁሉም ከፓኬት የሚወጣ ከሆነም ችግር የለውም፤ ጥሩ ደረቅ ፓስታ ከትኩሱ፣ ማለትም በዕለቱ ተቦክቶ ከሚሠራው፣ ያነሰ ሳይሆን የተለየ ነገር ነው፤ ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት፣ ወይም ፔኔ በሚያቃጥል ቲማቲም በትኩስ የእንቁላል ፓስታ ቢሠራ የሚገባውን ጥንካሬ ያጣል።

ቅርጹና ማባያው ያለ ምክንያት አልተጋቡም። ሰፋ ያለውና ጠፍጣፋው ታሊያቴሌና ፓፓርዴሌ ለረጅም ሰዓት የተቀቀለ የሥጋ ማባያ ይሸከማል፤ ቦይ ያለው ሪጋቶኒ የተቆራረጠውን ነገር በውስጡ ይይዛል፤ ቀጭኑና ረጅሙ ስፓጌቲ ወይም ሊንጉዊኔ ከዘይት፣ ከዓሣና ከቀለል ያለ ቲማቲም ጋር ይስማማል። በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ ራጉ የሚባለው የሥጋ ማባያ የሚቀርበው በታሊያቴሌ ነው፤ ስፓጌቲ ቦሎኜዝ የሚባለው ከዚያች ከተማ ውጪ የተለመደ ነው። አስተናጋጁ «ይህ ማባያ በዚህ ቅርጽ ነው የሚሄደው» ሲል ምክሩን መቀበል ጥሩ ነው፤ ያም ሆኖ ልጅ ይዘው ሄደው ልጁ ረጅሙን መጠቅለል ካቃተው ቅርጹ ይቀየርልኝ ቢሉ ማንም ቅር አይለውም።

ካርቦናራ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በከተማችን ብዙ ሰው የሚያዝዘውና ከቤት ቤት እጅግ የሚለያየው እሱ ነው። በሮም እንደሚሠራው ከሆነ ያለበት የአሳማ ጉንጭ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ፔኮሪኖ የሚባለው የበግ ወተት ፎርማጆና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው፤ ፓና ወይም ክሬም የሚባል ነገር አይገባበትም። ልስላሴው የሚመጣው እንቁላሉና ፎርማጆው ከምድጃ በወረደው ፓስታ ሙቀትና በፓስታው ውሃ ሲዋሐዱ ነው፤ እሳቱ ከበዛ እንቁላሉ ፍርፍር ይሆናል፤ ወጥ ቤቶች ከዚህ ለመዳን ብለው ነው ክሬም የሚጨምሩት። በአዲስ አበባ ብዙ ቦታ አሳማው በበሬ ሥጋ ተተክቶና ክሬም ተጨምሮበት ይቀርባል። ይህን የሚወድ ሰው መብቱ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ዋና ምግብ ሲሆን የክሬሙ ክብደት ከግማሽ ሳህን በኋላ መሰልቸት ያመጣል። ስለዚህ «ካርቦናራችሁ ክሬም አለበት?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። በአጠቃላይ ፓስታው ብቻውን ሙሉ ማዕድ ሊሆን ከሆነ ከመጀመሪያው ጉርሻ እስከ መጨረሻው የማይከብድ ማባያ ይምረጡ፤ ቲማቲም ያለበት፣ አትክልት ያለበት ወይም ራጉ ለዚህ ከአራት ዓይነት ፎርማጆ ይሻላል።

የባሕር ምግብ ያለበት ፓስታ ላይ ፎርማጆ መጨመር በጣሊያን ልማድ አይደለም፤ አስተናጋጁ ፎርማጆውን ሳያቀርብልዎ ካለፈ ረስቶ አይደለም። ቢጠይቁ ግን ያመጣልዎታል።

ጾም፣ አሳማና ወይን

በእኛ ከተማ የፓስታ ትእዛዝ ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ ስሕተት የሚፈጸመውም እዚሁ ነው። ሜኑው ላይ ሥጋ የሚል ቃል ስለሌለ ብቻ ምግቡ የጾም ነው ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ከራሱ ከፓስታው እንጀምር። የጣሊያን ሕግ ደረቅ ፓስታ ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ዱቄትና ከውሃ እንዲሠራ ያዝዛል፤ ስለዚህ እንቁላል አለበት ተብሎ ካልተጻፈ ስፓጌቲና ፔኔ የጾም ናቸው። የእንቁላል ፓስታ ተብሎ የሚሸጠው ግን በዚያው አገር ሕግ ለአንድ ኪሎ ዱቄት ቢያንስ 200 ግራም እንቁላል ሊኖረው ይገባል፤ በምግብ ቤቱ ውስጥ በእጅ የሚሠራው ታሊያቴሌ፣ ላዛኛና ራቪዮሊም ብዙውን ጊዜ በእንቁላል የሚቦካ ነው። ኞኪ ከድንች ቢሠራም እንቁላል የሚጨምሩበት አሉ። እንግዲህ ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ «ፓስታው ትኩስ ነው» መባል ለጿሚ መልካም ዜና አይደለም፤ በእነዚህ ቀናት ወደ ደረቁ ፓስታ መመለስ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ማባያው ነው። ፔስቶ አረንጓዴ ቅጠል ስለሆነ ጾም ይመስላል፤ ነገር ግን ከበሶብላው፣ ከዘይቱና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ፎርማጆ የተፈጨበት ነው። የቲማቲም ማባያም ቢሆን ብዙ ወጥ ቤት ፓስታውን ከማውጣቱ በፊት እንዲያብረቀርቅ አንድ ማንኪያ ቅቤ ይጨምርበታል፤ ይህ በሜኑው ላይ አይጻፍም። ሳህኑ ሲወጣም ፓርሜዛን ተፈግፍጎበት የሚመጣበት ጊዜ አለ። ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ትእዛዙን በግልጽ መናገር ነው፦

«ወንድሜ፣ እኔ ጿሚ ነኝ። ፓስታው እንቁላል የሌለበት ይሁን፤ በዘይት ብቻ ይሠራልኝ፣ ቅቤም ፎርማጆም አይግባበት። ወጥ ቤቱን ጠይቀህ ንገረኝ።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ዋና ናት። አስተናጋጁ ከራሱ «ጾም ነው» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ቅቤው የገባበትን የሚያውቀው ግን ሠሪው ነው። በጾም ቀን እምነት የሚጣልባቸው ምግቦች ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይትና በደረቅ ቃሪያ፣ አራቢያታ የሚባለው የሚያቃጥል የቲማቲም ፔኔ፣ ስፓጌቲ በቲማቲምና በበሶብላ፣ እንዲሁም በእንጉዳይ ወይም በተጠበሰ ደበርጃን የሚሠራው ናቸው። እነዚህ ከመሠረታቸው ያለ ሥጋ የሚሠሩ ሙሉ ምግቦች ናቸው እንጂ ሥጋው ተቀንሶባቸው የቀሩ አይደሉም፤ ስለዚህ በጾም የጣሊያን ምግብ ቤት መጋበዝ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም።

አሳማን በተመለከተ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተመጋቢ እኩል መጠንቀቅ አለበት። በስሙ ላይ አሳማ ባይጠራም ጓንቻሌ፣ ፓንቼታ፣ ፕሮሹቶ፣ ስፔክና ሳልሲቻ የሚሉት ቃላት በጣሊያን ወጥ ቤት የአሳማ ሥጋን ያመለክታሉ፤ ሙርታዴላም እንዲሁ። አማትሪቻና የቲማቲም ፓስታ ይመስላል፤ መሠረቱ ግን የአሳማ ጉንጭ ነው። የቦሎኛው ራጉም የበሬ ሥጋ ብቻ አይደለም፦ በ1982 እ.ኤ.አ. በቦሎኛ የንግድ ምክር ቤት በተመዘገበው አሠራር ውስጥ ፓንቼታ፣ ወይንና ወተት ይገኛሉ። በሾርባ የሚቀርበው ቶርቴሊኒ በልማድ የሚሞላው በአሳማ ሥጋ፣ በፕሮሹቶና በሙርታዴላ ነው። በአዲስ አበባ ያሉ ብዙ ቤቶች የአገሩን ሕዝብ እምነት አውቀው እነዚህን ሁሉ በበሬ ይተካሉ፤ ከውጭ የሚያስመጡና እንዳለ የሚያቀርቡም አሉ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ «አሳማ አለበት?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም።

ወይን የማይነካ ሰው በራጉና በባሕር ምግብ ማባያ ውስጥ ወይን እንደሚገባ ማወቅ አለበት፤ አልኮሉ በእሳት ይቀንሳል እንጂ ወይን አልገባበትም አያሰኝም። እንዲሁም ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ የማይበላ ክርስቲያን ፍሩቲ ዲ ማሬ በሚለው ስም ሥር ሽሪምፕ፣ ካላማሪና ዛጎል ለበስ እንስሳት እንዳሉ፣ ጥቁር ሆኖ የሚመጣው ስፓጌቲም በባሕር እንስሳ ቀለም የተነከረ መሆኑን ልብ ይበል። በጾም ዓሣ መብላትን እያንዳንዱ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር የሚጨርሰው ነው።

ጥንካሬው

አል ዴንቴ ሲባል ፓስታው በስሎ ሳለ ሲነከስ ጥቂት የሚቋቋም ማለት ነው። እኛ በቤታችን ፓስታን ከዚህ አብልጠን ማብሰል ስለለመድን በመጀመሪያው ንክሻ ጥሬ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቻላል፦ አንዱን ስፓጌቲ በሹካ ጠርዝ ቆርጠው መሐሉን ይመልከቱ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ቀለም ኖሮት በመሐሉ የመርፌ ጫፍ የምታህል ፈዘዝ ያለች ነጥብ ብቻ ካለ በትክክል የበሰለ ነው፤ ነጩ ሰፍቶ ዱቄት ዱቄት የሚል ከሆነ በእርግጥም አልበሰለም፣ መመለስ ይቻላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለእኛ ከተማ አይበቃም፤ ጥሩ ወጥ ሠሪ ሰዓቱን ትቶ እየቀመሰ ያበስላል። አል ዴንቴ የማይወዱ ከሆነ ደግሞ ከማዘዝዎ ጋር «ትንሽ ለስለስ ይበልልኝ» ማለት ይችላሉ። አንዳንድ ሰው ይህን መጠየቅ አለማወቅ ይመስለዋል፤ በገዛ ገንዘብ የሚበላ ምግብ እንደ ፍላጎት ቢሠራ የሚነቀፍ ነገር የለውም። እኔ ግን መጀመሪያ በእነሱ አሠራር እንዲቀምሱት እመክራለሁ፤ በተለይ በዱረም ስንዴ የተሠራ ፓስታ ጣዕሙ የሚታወቀው ሲታኘክ ነው። ዱረም ስንዴ ደግሞ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ አገራችን የዚህ ስንዴ ዝርያዎች እጅግ በብዛት ከሚገኙባቸው የዓለም ሥፍራዎች አንዷ ናት፤ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከልም ለዓመታት ሲጠና የኖረ ነው።

ከፓስታው ጋር

ፓስታው ዋና ምግብ ከሆነ ከፊቱ የሚመጣው ቀላል ይሁን። ሰላጣ፣ የተጠበሰ አትክልት፣ ወይም ቲማቲምና ሞዛሬላ ተስማሚ ነው፤ ከፓስታ በፊት ፒሳ ወይም በዳቦ ላይ የተደረገ መክፈቻ ማብዛት ግን ሆድን በዱቄት መሙላት ነው። በቅርጫት የሚመጣውን ዳቦ ገና ሲቀርብ አይጨርሱት፤ ፓስታው ሲያልቅ ሳህኑ ላይ የቀረውን ማባያ ለመጥረግ ያስፈልግዎታል፤ ይህም በጣሊያኖች ዘንድ የተወደደ ልማድ ነው። አትክልት ከፓስታው ጎን እንዲመጣ ከፈለጉ ከኮንቶርኒ አንዱን ማዘዝ ይቻላል።

ለመጠጥ ከሥጋ ራጉና ከቲማቲም ጋር ቀይ ወይን፣ ከዓሣና ከዘይት ማባያ ጋር ነጭ ወይን ይስማማል፤ በዝዋይ አካባቢ የሚመረቱት የአገር ውስጥ ወይኖች ለዚህ በቂ ናቸው፤ ከውጭ የመጣ ጠርሙስ መክፈት የግድ አይደለም። የማይጠጣ ሰው አምቦ ውሃ ይዘዝ፤ ጋዙ ፎርማጆና ዘይት ያለበትን አፍ ያጸዳል። ሚጥሚጣ ወይም ዳጣ መጠየቅም ይቻላል፤ ሆኖም ሳይቀምሱ አይጨምሩ፤ በቅጡ የተሠራ ማባያ በበርበሬ ከተሸፈነ የተከፈለበት ነገር ይጠፋል። የሚያቃጥል ለሚወድ ሰው ከመጀመሪያው አራቢያታን ማዘዝ የተሻለ ነው።

ሳህኑ ሲመጣ

ፓስታ አይጠብቅም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማባያውን ይመጥጣል፣ ይያያዛል፣ ይቀዘቅዛል። በእኛ ባህል ታላቅ ሳይጀምር ወይም የሁሉም ምግብ ሳይቀርብ መብላት ስለማይወደድ፣ የፓስታው ከሌላው ምግብ ጋር እኩል መውጣት የበለጠ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የአንድ ሰው ምግብ ከዘገየ ሽማግሌው ወይም ጋባዡ «እባካችሁ ጀምሩ፣ እንዳይቀዘቅዝባችሁ» ቢል ሁሉንም ከጭንቀት ያወጣል።

ሳህኑ ሲቀርብ ከመንካትዎ በፊት አንድ ጊዜ ይመልከቱት። በደንብ የተሠራ ፓስታ ማባያው በላዩ ተለጥፎ ያብረቀርቃል እንጂ ከሥሩ ውሃ አያቋትም፤ ነጭ ፓስታ ከታች፣ ስጎ ከላይ ተከምሮ ከመጣ ወጥ ቤቱ ሁለቱን በመጥበሻ አላዋሐዳቸውም ማለት ነው። ይህ ከሆነ ራስዎ በሹካ ቀስ አድርገው ያዋሕዱት፤ በቀጣይ ጊዜ ደግሞ ሌላ ቤት ይሞክሩ።

ረጅሙን ፓስታ በቢላ መቁረጥ አይመከርም። ሹካውን በክምሩ መሐል ሳይሆን በሳህኑ ዳር ይስደዱ፤ ሁለት ሦስት ዘለላ ብቻ ይያዙና ጫፉን ሳህኑ ላይ አስደግፈው ያዙሩ። ከዚህ በላይ ከያዙ ጥቅሉ ከአፍ ይበልጣል፤ ስጎውም ወደ ሸሚዝ ይረጫል። ማንኪያ ላይ አስደግፎ መጠቅለልም ይቻላል፤ ጣሊያኖች ግን በሹካ ብቻ ይበላሉ። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው፣ በተለይ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጣ፣ አጫጭሩን ሪጋቶኒ ወይም ፔኔ ቢያዝዝ ይቀለዋል።

ተካፍሎ መብላት ለእኛ ተፈጥሯዊ ነው፤ ይህም ቢሆን በቅድሚያ ከተነገረ ችግር የለውም። «ይህን ለሁለት ተካፍለን ነው የምንበላው፤ በሁለት ሳህን ይቅረብልን» ከተባለ ብዙ ወጥ ቤት ራሱ ከፍሎ ይልካል። ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ፓስታ አዝዘው እኩሌታውን መለዋወጥ ከሁሉ የተሻለው የመቅመሻ መንገድ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ በቲማቲም፣ ሌላው በዘይት ወይም በሥጋ ቢሆን ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል።

ጣፋጭና ሂሳብ

አንድ ሳህን ፓስታ ብቻ የበላ ሰው ለጣፋጭ ቦታ ይኖረዋል። ቲራሚሱ እንቁላልና ማስካርፖኔ የሚባል ለስላሳ ፎርማጆ አለበት፤ ብዙ ጊዜ አልኮልም ይጨመርበታል፤ ፓና ኮታ በጄላቲን የሚረጋ ስለሆነ ከምን እንስሳ እንደተሠራ ለሚጨነቅ ሰው ፍራፍሬ ይሻላል። ጣሊያኖች ከምግብ በኋላ ወተት የበዛበት ቡና መጠጣት አይለምዱም፤ በአዲስ አበባ ግን ማኪያቶ በማንኛውም ሰዓት ይጠጣልና ያለ ሐሳብ ይዘዙ።

ሂሳቡን ሲያስቡ በሜኑው የተጻፈው ዋጋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ይመልከቱ፤ በሜኑው ግርጌ በትንሽ ጽሑፍ ይገለጻል። በሆቴሎች ውስጥ ባሉ ምግብ ቤቶች የአገልግሎት ክፍያም አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ይጨመራል። የአገልግሎት ክፍያ ባልተጨመረበት ቤት ለአስተናጋጁ ጉርሻ መተው የተለመደ ነው፤ በተለይ ስለ ቅቤውና ስለ እንቁላሉ ወደ ወጥ ቤት እየተመላለሰ የጠየቀልዎ ከሆነ ይገባዋል።

የተረፈ ፓስታ ይጠቅለልልኝ ማለት ይቻላል። ላዛኛና በምድጃ የተጋገረ ፓስታ በማግስቱ ሲሞቅ ጣዕሙን አያጣም፤ ራጉም በመጥበሻ ላይ ከጥቂት ውሃ ጋር ቀስ ብሎ ቢሞቅ ይበላል። ካርቦናራና የባሕር ምግብ ያለበት ፓስታ ግን ለማግስቱ አይሆንም፤ እነዚህን ያዘዘ ሰው እዚያው ይጨርሳቸው።